ሁሉም የሚያውቀውን ማንም ያልተናገረው ለምንድን ነው? ከአጠና ተራ የእንጨት ቤት የተነሳ ጥያቄ

የሦስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ እያለሁ ለኢንተርንሺፕ ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ወዳለ አንድ የእንጨት ቤት ገብቼ ነበር። ሰባት ሠራተኞች፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ ትልቅ የመጋዝ ማሽን። በሮችና ቁም ሳጥኖች ይሠራሉ። በመጀመሪያው ቀን ያየሁት ነገር ቢኖር የመጋዙ መከለያ ማሽኑ ላይ አለመኖሩ ነው። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጥቷል። መከለያ ማለት ጥርሱን የሚሸፍን፣ እጅ እንዳይገባ የሚከላከል ቁራጭ ብረት ነው። ሲገጠም እንጨቱ በደንብ አይታይም፣ ሥራው ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ አውልቀውታል።

እኔም እንደ አዲስ ተማሪ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ ማሽኑ ላይ ለሚሠሩት ጋሼ (ሁሉም እንዲሁ ጋሼ ነው የሚላቸው) “ይሄ እኮ አደገኛ ነው” አልኳቸው። ሳቁብኝ። “አውቃለሁ የኔ ልጅ። እዚህ ያለው ሁሉ ያውቃል። ግን እኔ ብናገር ነገ ሌላ ሰው ይገባል፤ ሥራ ፈላጊ እንደሆነ በር ላይ ሞልቷል” አሉኝ።

ኢንተርንሺፑን ጨርሼ ከወጣሁ ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሼ የሁለት ጣቶቻቸውን ጫፍ በዚያው ማሽን አጡ። ልጠይቃቸው ስሄድ ያሉኝ አንድ ቃል እስካሁን አይለቀኝም፦ “የራሴ ጥፋት ነው።” ባለቤቱ የሕክምናውን ወጪ በከፊል ሸፈነ፣ እሳቸውም አመስግነው ዝም አሉ። ምንም አልጠየቁም።

ሕጉ ምን እንደሚል ያነበብኩት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ለሌላ ጉዳይ ነው። ያነበብኩትን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ይኸውላችሁ፦ ሰባት ሰዎች አንድ አደጋ እንዳለ ያውቃሉ። መፍትሔው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ታዲያ አንድም ሰው ለምን አልተናገረም? ፈሪ ስለሆኑ? ግድ ስለሌላቸው? እንደኔ አይደለም። መልሱ ሒሳብ ውስጥ ነው።

የዝምታ ሒሳብ

እስቲ ቁጥር እንስጠው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ዋናው ቁጥሩ ሳይሆን የነገሩ አካሄድ ነው።

መከለያው ቢገጠም እያንዳንዱ ሠራተኛ 3 ነጥብ ይጠቀማል እንበል። ብቻውን ሄዶ ለባለቤቱ የሚናገር ሰው ግን ሥራውን የማጣት ወይም “ነገረኛ” የመባል ስጋት አለበት። ያን ስጋት 10 ነጥብ እንበለው። አሁን እናንተ ከሰባቱ አንዱ ናችሁ። ብትናገሩ 3 ታገኛላችሁ፣ 10 ታጣላችሁ፤ ሲደመር 7 ከስራችኋል። ሌላው ሰው ቢናገር ግን እናንተ ምንም ሳታጡ 3 ታገኛላችሁ። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ሌላው እስኪናገር ትጠብቃላችሁ። ችግሩ ስድስቱም እንደናንተው እያሰቡ መሆኑ ነው። ሁሉም ይጠብቃል፣ ማንም አይናገርም፣ መከለያውም ግድግዳው ላይ ይቀራል።

አሁን አንድ ነገር እንለውጥ። ሰባቱ ተነጋግረው አንድ ላይ ቢሄዱስ? ባለቤቱ አንድ ሰው ማባረር ይችላል፤ ሰባቱንም ቢያባርር ግን በማግስቱ ማን በር ይሠራለታል? ስለዚህ የእያንዳንዱ ስጋት ከ10 ወደ 1 ወረደ እንበል። 3 ሲቀነስ 1፣ 2 ነጥብ ትርፍ። ያው ሰዎች፣ ያው ማሽን፣ ያው ባለቤት። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አብረው መሄዳቸው።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማንኩር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር በሰፊው ተንትኖታል። የኦልሰን መከራከሪያ ባጭሩ፦ ሰዎች የጋራ ጥቅም ስላላቸው ብቻ ለጋራ ጥቅማቸው አብረው ይሠራሉ ማለት አይደለም። ጥቅሙ ለሁሉም የሚደርስ ከሆነ፣ ወጪውን ሌላው እንዲሸከምለት የሚጠብቅ ሰው ይበዛል። ስለዚህ የሚያስተባብር አንድ ነገር ያስፈልጋል። የሠራተኛ ማኅበር ማለት፣ ፖለቲካውንና መፈክሩን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው፣ ለዚህ ችግር የተሠራ መሣሪያ ነው።

ባለቤቱም ወጥመድ ውስጥ ነው

እዚህ ላይ ባለቤቱን ክፉ ሰው አድርጋችሁ ከሣላችሁት ቆም በሉ። እኔ የማውቀው ሰውዬ ክፉ አልነበረም። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባል፣ አብሮ ይሸከማል፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ የእንጨት ዋጋ በየወሩ ይጨምርበታል።

ችግሩ ከጎኑ ያለው የእንጨት ቤት ነው። እሱ ብቻውን መከለያውን ቢገጥም በቀን የሚያወጣው በር ይቀንሳል። ጎረቤቱ ካልገጠመ በርካሽ ይሸጣል፣ ደንበኛውም ወደዚያ ይሄዳል። ጎረቤቱም ስለሱ የሚያስበው ይህንኑ ነው። አያችሁ? የሰባቱ ሠራተኞች ዝምታ ባለቤቶቹ መካከልም በሌላ መልክ አለ። ሁሉም ቢገጥሙ ማንም አይጎዳም ነበር። አንዱ ብቻውን ሲገጥም ግን ይጎዳል።

ለዚህ ነው የሥራ ሕግ የሚባል ነገር ለሠራተኛው ብቻ የተጻፈ የማይመስለኝ። ሕግ ለሁሉም ባለቤት እኩል የሚሠራ ከሆነ፣ ጥሩው አሠሪ ጥሩ በመሆኑ እንዳይቀጣ ይከላከለዋል። የአሠሪዎች ማኅበርም በሕግ የተፈቀደው እንዲሁ ለተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ አሠሪዎችም በጋራ መነጋገር፣ በጋራ መስማማት ያስፈልጋቸዋል።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል?

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። ሥሩ ግን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው፤ አንቀጽ 42 ሠራተኞች የመደራጀት፣ ከአሠሪ ጋር የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት እንዳላቸው ይናገራል።

አዋጁ ማኅበር ለማቋቋም የሚጠይቀው ቁጥር 10 ነው። አሥር ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ውስጥ ቢያንስ አሥር አባላት ካሉ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። “የኛ እንጨት ቤት እኮ ሰባት ሰው ነው ያለው” ካላችሁ፣ ሕጉ ለዚህም በር ከፍቷል። ከአሥር ሰው በታች በሚሠራባቸው ድርጅቶች ያሉ ሠራተኞች ከሌሎች መሰሎቻቸው ጋር ተሰባስበው፣ አባላቱ ከአሥር ካላነሱ፣ ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ማለትም የዚህኛው ቤት ሰባት፣ የዚያኛው ቤት አምስት ሆነው አንድ ማኅበር ሊሆኑ ይችላሉ። አጠና ተራ ላይ ተሰልፈው ያሉትን ትንንሽ ቤቶች ስታስቡ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያስ? ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት ይደራደራል። ስምምነቱ ከሕጉ የተሻለ ጥቅም ከሰጠ ስምምነቱ ይሠራል፤ ከሕጉ ያነሰ ከሆነ ግን ሕጉ ይሠራል። ስለዚህ ሕጉ ወለል ነው፣ ጣሪያ አይደለም። የአባልነት መዋጮም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲጠይቅ አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ ለማኅበሩ ገቢ የማድረግ ግዴታ አለበት። ይህ ተራ የቢሮ ሥራ ይመስላል፤ ግን የኦልሰንን “ሌላው ይክፈልልኝ” ችግር በከፊል የሚፈታ ነገር ነው።

“ማኅበር ውስጥ ብገባ ያባርረኛል” ለሚለው ስጋትም ሕጉ መልስ አለው። የማኅበር አባል መሆን፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ፣ ለሠራተኛ ተወካይነት መወዳደር፣ እነዚህ ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆኑም ብሎ በግልጽ ጽፏል። በተግባር ሁልጊዜ ይከበራል ወይ? አይከበርም። ግን መብቱ መጻፉን የማያውቅ ሰው ሲጣስበት እንኳ የተጣሰበትን ነገር ስም አያውቀውም።

የትርፍ ሰዓት ሒሳብ፦ ደብተራችሁን አውጡ

እሺ፣ አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ሒሳብ።

በአዋጁ መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው እንዲህ ነው፦

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው 1.5 እጥፍ።
ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ 1.75 እጥፍ።
በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ለተሠራ 2 እጥፍ።
በሕዝብ በዓል ቀን ለተሠራ 2.5 እጥፍ።

አንዲት ልጅ በወር 6,240 ብር ይከፈላታል እንበል። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ትሠራለች። ወሩን 26 የሥራ ቀን ብንይዘው 26 ሲባዛ በ8፣ 208 ሰዓት ይሆናል። 6,240 ሲካፈል ለ208፣ በሰዓት 30 ብር ማለት ነው።

በዓል ሲደርስ ሥራ ይበዛል፣ ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት እያመሸች በሳምንት 12 ትርፍ ሰዓት ሠራች። አሠሪው “በሰዓትሽ ልክ እከፍልሻለሁ” ብሎ 360 ብር ሰጣት። ሰውዬው ያጭበረበራት አይመስላትም፤ ምናልባት እሱም አይመስለው ይሆናል። በሕጉ ግን 12 ሲባዛ በ45 ብር፣ 540 ብር ነው የሚደርሳት። ልዩነቱ በሳምንት 180 ብር፣ በአራት ሳምንት 720 ብር። በዕረፍት ቀኗ እሑድ ስምንት ሰዓት ከሠራች ደግሞ 8 ሲባዛ በ60፣ 480 ብር።

ይህን ሒሳብ አንድ ሰው ብቻውን ይዞ ቢሮ ሲገባ ጭቅጭቅ ይሆናል። የማኅበር ሰብሳቢ ይዞት ሲገባ ስብሰባ ይሆናል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም ትርፍ ሰዓት የመጠየቅ መብት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ያለአግባብ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ነው። “ሲመች እጠይቃለሁ” የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ስንት ሰዓት ገብታችሁ ስንት ሰዓት እንደወጣችሁ በስልካችሁም ቢሆን ጻፉ።

በአንድ ክፍለ ከተማ አራት ዓይነት ሠራተኛ

ኮልፌ ቀራኒዮን ከዚህ ዓይን ብታዩት ትንሽ ላቦራቶሪ ነው። አራት ቦታ ልውሰዳችሁ።

አጠና ተራን አይተናል። ትንንሽ ቤቶች፣ ጥቂት ሠራተኞች፣ አብዛኛው ነገር በቃል። እዚህ የሚነሳው ጥያቄ “ውል የለኝምና መብትስ አለኝ ወይ?” የሚል ነው። አለ። የሥራ ውል በቃልም ይሆናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት አያጣም።

ወደ ደቡብ ወረድ ስትሉ፣ ሬፒ አካባቢ፣ ፋብሪካዎች ይጀምራሉ። ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ፈረቃ፣ ለአንድ አሠሪ ይሠራል። ማኅበር ለማቋቋም አመቺው ቦታ ይህ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም ብዙ ማኅበራት ፋብሪካ፣ ባቡርና ወደብ ውስጥ የበቀሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ጦር ኃይሎች ነው፤ ከአያት የሚነሳው የቀላል ባቡር መጨረሻ ጣቢያ። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለምዕራብ አዲስ አበባ ሰው ትልቅ ነገር ነበር። አሁን አስቡት፦ የባቡሩ ሠራተኞች አንድ ቀን ሥራ ቢያቆሙ ከተማዋ ምን ትሆናለች? ሕጉም ይህን አስቦ፣ የከተማ ቀላል ባቡርን ከአየር ትራንስፖርት፣ ከመብራት፣ ከውኃና ከከተማ ጽዳት፣ ከሆስፒታልና ከመድኃኒት ቤት፣ ከእሳት አደጋና ከቴሌኮም ጋር “እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት” ብሎ መድቦታል። እዚህ ያሉ ሠራተኞች መደራጀትና መደራደር ይችላሉ፤ ሥራ ማቆም ግን አይችሉም። ክርክራቸው ካልተፈታ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ይሄዳል። ዝርዝሩ ሰፍቷል የሚሉ አሉ፣ ተገቢ ነው የሚሉም አሉ። እናንተስ? ሆስፒታልና ባቡር እኩል አስፈላጊ ናቸው?

አራተኛው ቦታ ቆሼ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበት ተራራ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ሥሩ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ኑሯቸው ከቆሻሻው ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ፕላስቲክ፣ ብረት፣ ጠርሙስ እየለቀሙ ይሸጣሉ። አሁን ጥያቄው፦ የእነሱ አሠሪ ማነው? የለም። ለራሱ የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አይሸፈንም። የትርፍ ሰዓት የለውም፣ የዓመት ፈቃድ የለውም፣ “ይሄ ክምር አዘንብሏል” ብሎ ቅሬታ የሚያስገባበት አለቃም የለውም። ብዙ ሠራተኛ ባለበት ከተማ ሕጉ የሚደርሰው ለተወሰነው ብቻ መሆኑን እንደ ቆሼ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። በሌሎች አገሮች፣ ለምሳሌ በህንድና በብራዚል፣ ቆሻሻ ለቃሚዎች የራሳቸውን ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቁመው ከከተማ አስተዳደሮች ጋር ተደራድረዋል። አሠሪ ባይኖርም የሚደራደሩት አካል አግኝተዋል ማለት ነው።

ይህ መብት ከየት መጣ?

ከሰማይ አልወረደም። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ሕጋዊ የሠራተኛ ማኅበር ግን ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ገደማ ወስዷል። በወንጂ ስኳር ፋብሪካና በምድር ባቡር የመሳሰሉ ቦታዎች የነበሩ ሠራተኞች ሕግ ሳይኖር ቀድመው ይሰባሰቡ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት አገሪቱ ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ ኅብረት ድርድር የሚናገሩትን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 አጸደቀች።

ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ይህ ማኅበር አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አራት ቀን ቆየ፤ መንግሥትም ጥያቄዎቹን ለመቀበል ተስማማ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ማኅበሩን አፍርሶ በራሱ ቁጥጥር ሥር የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበርን ተከለ። አሁን ያለው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ባጭሩ ኢሠማኮ፣ ከ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42 በኋላ የመጣ ነው። የ1966ቱ የዝቅተኛ ደመወዝ ጥያቄም አልሞተም፤ አዋጅ 1156 ጥናት አድርጎ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል፣ ኢሠማኮም ይህ ተግባር ላይ እንዲውል በተደጋጋሚ ሲጠይቅ ይሰማል።

ሥራ ማቆም ዛሬም ይቻላል፣ ግን ደረጃ አለው። መጀመሪያ በማስማማት መሞከር፤ ከዚያ የማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን፤ ከዚያ ለአሠሪውና ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ከ10 ቀን በፊት ማሳወቅ፤ በሥራ ማቆሙም ጊዜ የደህንነት ደንቦች እንዲጠበቁ ማድረግ። አድማ የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ መሣሪያ ነው። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ከዚያ በፊት፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

የፍሪጁ ቴርሞስታት

ቤታችሁ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ቴርሞስታት የሚባል ነገር አለ። ውስጡ ሲሞቅ ይሰማና ሞተሩን ያስነሳል፣ ሲቀዘቅዝ ያጠፋል። እኛ ኢንጂነሮች ይህን ግብረ መልስ እንለዋለን። ቴርሞስታቱ ቢቆረጥ ፍሪጁ ወዲያው አይበላሽም። ሞተሩ ግን ውስጡ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እናንተም የምታውቁት ወተቱ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ድርጅትም እንደዚያ ነው። አልበርት ሂርሽማን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳለው፣ ነገር ያልተመቸው ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ወይ ይወጣል፣ ወይ ይናገራል። መናገር አደገኛ በሆነበት ቤት ጥሩ ጥሩው ሠራተኛ ዝም ብሎ ይወጣል፣ ባለቤቱም ለምን እንደወጣ አያውቅም። ሪቻርድ ፍሪማንና ጄምስ ሜዶፍ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ማኅበር ያለባቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ሥራ የመልቀቅ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። አዲስ ሰው ማሠልጠን ወጪ ነው፤ ስለዚህ ይህ ለአሠሪውም ይቆጠራል። ማኅበር ሁልጊዜ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። አመራሩ ከአባላቱ የራቀ፣ መዋጮ ብቻ የሚሰበስብ ማኅበር የተበላሸ ቴርሞስታት ነው። ግን የተበላሸውን ይጠግኑታል እንጂ ፍሪጁን ያለ ቴርሞስታት አይተዉትም።

ግብረ መልስ ሲጠፋ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ነው። ራና ፕላዛ የተባለው ሕንጻ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ሞቱ። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ታይቷል። ሕንጻው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ዘጋ። የልብስ ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ እንዲገቡ ተደረገ። ስንጥቁን አይተዋል፣ ፈርተዋል፣ ግን አንድ ላይ “አንገባም” የሚሉበት አደረጃጀት አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ የልብስ ብራንዶችና የሠራተኛ ማኅበራት ስለ እሳትና ሕንጻ ደህንነት አስገዳጅ ስምምነት ተፈራረሙ።

ስንጥቁ ለኔ የመጋዙ መከለያ ነው። ሁሉም ያየዋል።

የጋሼ ጣቶች

አሁን ቃል የገባሁትን ልንገራችሁ። ጋሼ “የራሴ ጥፋት ነው” ብለው ነበር። አዋጁ ግን በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ሠራተኛው ሆነ ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከገባ ነው ይህ የሚቀረው። ጋሼ ከነዚህ አንዱንም አላደረጉም። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ማረጋገጥ እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር። በልዩ ሁኔታ ካልተደነገገ በስተቀር ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ጥያቄ ግን በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል። እኔ ይህን ሳነብ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ሄጄ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ “ለባለቤቱ ምንም አላደርግም፣ አብረን ኖረናል። ግን አዲስ የገቡት ልጆች ይወቁት” አሉኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

እናንተ ምናልባት ገና ተማሪ ናችሁ። በክረምት የሆነ ቤት ትቀጠሩ ይሆናል፣ ወይ እህታችሁ ፋብሪካ ትሠራለች፣ ወይ አባታችሁ ራሱ ሁለት ሰው ቀጥሮ ያሠራል። በየትኛውም በኩል ብትሆኑ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያን ሥራ ቦታ አንድ አደጋ ቢኖር፣ መጀመሪያ የሚናገረው ማነው? የሚሰማውስ ማነው? መልስ ካላገኛችሁ፣ እሱን መጀመሪያ አብራችሁ አስቡበት። እኔ ባለፈው ወር በዚያ እንጨት ቤት ሳልፍ ቆም ብዬ አየሁ። መከለያው ተገጥሟል። ማን እንደተናገረ ብጠይቃቸው ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና “እኛ ነን” አሉ።